ዘፈኑ መሐል ያለችው ዝምታ

ታልቦት ሳይዲንግ፣ ሚሲሲፒ
ማርች 14 ቀን 1989

ለልጄ ለኦዴሳ፣ ሚልዋኪ

ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ። ጢሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ፣ ደም አይወጣኝም። እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ብቀመጥም ደክሞኝ አይደለም፣ ሰው ሰላም ለማለት ነው። ጎመኔን እተክላለሁ፣ ዓሣዬን አጠምዳለሁ፣ የበቆሎ ቂጣዬን እጋግራለሁ። ያርራል፤ ግን ያረረውን የምበላው እኔ ነኝ። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ብቻ ነው እምቢ ያለኝ። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልሽ ያ ሥዕል ያለበት ወረቀትሽ ስለደረሰኝ ነው፤ ሽማግሌዎች መስኮት አጠገብ ተደርድረው የሚስቁበት መኖሪያ። ምን እንደሚያስቃቸው ወረቀቱ አይናገርም። ምድጃ አቀጣጠልኩበት። ጥሩ ይነድዳል።

አንቺ እንዴት ነሽ? የትልቁ ልጅሽ ሳል ተወው? እዚያ ያለው ብርድ ሳንባ ይበላል ብዬ ነግሬሽ ነበር። እኔ ደህና ነኝ፤ ተናድጄ ነው እንጂ። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ አራተኛ ቀኔ ነው። ከአጥሬ ማዶ ያለችው እህት ሊኦታ «አንተ ቃሉን በለኝ፣ እኔ ልጻፍልህ» ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። እናትሽ ፊደል ያስቆጠረችኝ የሐዲድ አግዳሚ እንጨት ላይ ምልክት በምናደርግበት ጠመኔ፣ በኩሽናው በር ላይ ነው፤ ያን ሁሉ የደከመችው ልጄን በሰው እጅ እንድቆጣ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ነገሬ።

ባለፈው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ሊኦታ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ ጮኸች። «ወንድም ኤሳው! ቶሎ ና! ሎንዞ ቲብስ በሬዲዮ ስለኛ መንደር እያወራ ነው!» የቤት ጫማዬን እንዳደረግኩ ሄድኩ። ሎንዞ አንቺ ልጅ ሳለሽ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ጊታር ይመታ የነበረው ነው፤ አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ጥርሱም አዲስ ነው ይባላል። «ስንዝር ብቻ» የሚለው ዘፈኑ እንዴት እንደተወለደ ነበር የሚያወራው። ያን ዘፈን ያልሰማ ጆሮ የት አለ? በየሠርጉ፣ በየመጠጥ ቤቱ፣ በመኪና ማስታወቂያ ሳይቀር። መሐሉ ላይ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል፤ ከበሮው፣ ጊታሩ፣ ዘፋኙም ጭምር። የሚደንሰው ሰው አንድ እግሩን አንሥቶ ይቀራል። ከዚያ ዱብ! ይልና ይቀጥላል። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ሰው የሚያብድባት ያቺ ዝምታ ናት።

ጠያቂዋ «ያቺ ዝምታ ከየት መጣች?» አለችው።

«ከልቤ ናት» አለ ያ ሰው። «አንዲት ቆንጆ በአውቶቡስ መስኮት አየሁና ልቤ ቀጥ አለች። ያንኑ ዘፈኑ ውስጥ ከተትኩት።»

ልቤ ቀጥ አለች! ዱላዬን አነሣሁ። ሊኦታ ሬዲዮዋን በሁለት እጇ አቅፋ «የሱ አይደለም ሬዲዮው፣ የኔ ነው!» ባትለኝ ኖሮ አሁን የምታዳምጠው ስብርባሪ እንጂ ሬዲዮ አይኖራትም ነበር።

ይህ ሳያንስ ሴትዮዋ «ከዚያው መንደር የሆነችውን ኦዴሳ ብሪግስንም አነጋግረናል» አለች። አንቺን። መጀመሪያ ድምፅሽን ስሰማ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ወደ ሬዲዮው ተጠጋሁ። አንቺም እንዲህ አልሽ፦ «እናቴ ከሎንዞ ቲብስ ይልቅ ትዘፍን ነበር። አባቴ ግን አይፈቅድላትም ነበር።»

ሊኦታ ድምፁን ቀነሰችና ዝም አለች። ሊኦታ ዝም ስትል አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ በሃምሳ ዓመት ጉርብትና ያን ቀን ነው ያየሁት። ቤቴ የገባሁት ደህና ዋይ ሳልላት ነው።

ለመላው አሜሪካ! እኔ ስምሽን በመጽሐፍ ቅዱሱ የኋላ ገጽ ላይ የጻፍኩ ሰው፣ በሬዲዮ «አይፈቅድላትም ነበር» ተባልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ነገሩ ሲሆን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሽ፣ ገመድ ትዘዪ ነበር። ምን አየሽ? ስለዚህ ቁጭ በይና ከሚያውቀው ሰው ስሚ።

መጀመሪያ ያቺን ዝምታ ልንገርሽ። ልብ የሚባል ነገር የለባትም።

ሐዲድ በፀሐይ ይጎብጣል፣ በባቡር ክብደት ይንሸራተታል። እሱን ወደ ቦታው የምንመልሰው ስምንት ሰዎች ነበርን፣ በስምንት የብረት ዘንግ። አለቃችን ሚስተር ራድ፣ ካፒቴን የምንለው ነጭ፣ መቶ እርምጃ ርቆ ሐዲዱ ላይ በሆዱ ይተኛል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍንና ጉብጠቱን ያያል። እኔ ጠሪ ነበርኩ። ጠሪ ከሌለ ስምንት ሰው በስምንት ሐሳብ ይገፋል፤ ሐዲድ ደግሞ ስምንቱ አንድ ሰው ካልሆኑ ንቅንቅ አይልም። እኔ ግጥም እጥላለሁ፣ እነሱ በዘንጋቸው ብረቱን ያንኳኳሉ፣ ቃሌ ላይ ስንደርስ ሁላችንም እንገፋለን። ከዚያ ዝም። ትንፋሽ እንኳ የለም። ካፒቴኑ እያየ ነዋ! እጁን እስኪያነሣ ዘንግ አይንቀሳቀስም፣ አፍ አይከፈትም። አንዳንድ ቀን ቶሎ ይወስናል፣ አንዳንድ ቀን ዝንብ ፊታችን ላይ ጎጆ እስክትሠራ ያስጠብቀናል። በመጨረሻ አውራ ጣቱንና ጠቋሚውን ዘርግቶ ያሳየናል፤ እኔም «ስንዝር ብቻ!» ብዬ እጮሃለሁ፣ እንደገና እንጀምራለን። ዝምታው ይህ ነው። በሆዱ የተኛ ሰውዬ ሲያስብ ነው። አውቶቡስ የለም፣ ቆንጆ የለችም።

እናትሽ ምሳዬን ይዛ ስትመጣ ከውኃው ታንከር ሥር ተቀምጣ ታዳምጥ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ልብስ እያጠበች የኔን ጥሪ ስትዘፍነው ሰማሁ። ዜማው የኔ ነው፣ ቃሉ ግን ሌላ፤ የሴት ቃል ሆኗል። ስለ አንድ የሚያፍር ሰው ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ የማይጠጋ ሰው።

አግዳሚው ረጅም፣ አንተ ከዳር እኔ ከዳር፣
ስንዝር ብቻ ጠጋ በል፣ ምን ይልሃል አገር?

ከዚያ ቀጥ አለች። እጇ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቀጥ አለች። ከዚያ ደግሞ ቀጠለች።

«እዚያ ጋ ለምን ትቆሚያለሽ?» አልኳት።

«ካፒቴኑ እያየ ነዋ!» አለችና በሳሙናው እጇ አፍንጫዬን ያዘችኝ።

እንደዚህ ያለች ሴት ነበረች ማዜል። አንቺ የምታስታውሻት ከዚያ በኋላ ያለችውን ነው።

በዓመቱ፣ በ1954 መሆኑ ነው፣ አልጋ ልንገዛ ግሪንውድ ሄድን። የቤት ዕቃ መደብሩ ሰውዬ የሰው ድምፅ በሸክላ የሚቀርጽ ማሽን አምጥቶ ነበር። እናትሽ ከእንቁላል ሽያጭ ያጠራቀመችውን አውጥታ ገባች፤ እኔ ኮፍያዬን በእጄ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ያንኑ ዘፈን ሁለት ጊዜ ዘፈነች። የመደብሩ ሰውዬ ሁለተኛውን ሜምፊስ ላለ ሸክላ አሳታሚ ዘመዱ ላከው። አንደኛውን «ይሄኛው ተበላሽቷል፣ በነፃ ውሰጂው» አላት። ለምን እንደተበላሸ አልጠየቅኩም። ጠይቄም ከሆነ ረስቼዋለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ሴፕቴምበር ከሜምፊስ ደብዳቤ መጣ። ማክሰኞ ድረሺ፣ እንቀርጽሻለን ይላል። ለሎንዞም መጥቶለት ነበር፣ ጊታር እንዲመታ። አስቢው እስቲ። እኔ የመዘምራን አግዳሚ ላይ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ስሜ እንኳ ኤሳው ስለሆነ ልጅ ሳለሁ «ብኩርናህን በምስር ወጥ የሸጥክ» እያሉ ሲዘልፉኝ ያደግኩ ነኝ፤ ሰው ስለኔ አንድ ተጨማሪ ነገር እንዲል አልፈልግም ነበር። «የኤሳው ሚስት መጠጥ ቤት ትዘፍናለች» ሲባል አልሰማም! ይህን የማይረዳ ወንድ ካለ አምጪልኝ።

ግን አልከለከልኳትም። ልብ አድርገሽ አንብቢ። የባቡር ሠራተኛ ሚስት በነፃ ትሳፈራለች፤ የይለፍ ወረቀቱን ግን ባልየው ነው ጠይቆ፣ ፈርሞ የሚሰጣት። ጠየቅኩላት። ዓርብ ዕለት መጣ። የሥራ ቱታዬ የደረት ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ቅዳሜ አለፈ። እሑድ አለፈ። ሰኞ ማታ «ኤሳው፣ የምትሰጠኝ ነገር አለ?» አለችኝ። «ጨው አቀብዪኝ» አልኳት።

ማክሰኞ ጠዋት ያንን ሐምራዊ ቀሚሷን ለብሳ ጣቢያው ላይ ቆመች። እኛ እዚያው አጠገብ ያለውን የጎን ሐዲድ እያቀናን ነበር፣ ከሷ እስከኔ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ባቡሩ መጣ። በታልቦት አራት ደቂቃ ነው የሚቆመው። ወደ ሜምፊስ የሚያደርሳትን የቲኬት ገንዘብ ይዛለች፤ መሐረቧ ጫፍ ላይ ቋጥራ መያዟን አውቃለሁ። የቲኬቱ መስኮት ከጀርባዋ ነው። አልዞረችም። እኔን ነው የምታየው። እኔ እጠራለሁ። ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ካፒቴኑ ሳይቀር ከተኛበት ቀና ብሎ «ምን ነካህ ኤሳው፣ ዛሬ ሐዲዱን ነው ሰማዩን ነው የምትገፋው?» አለኝ። ከሎንዞ ጋር ቆማ የጊታሩን ሳጥን በጣቶቿ ስታንኳኳ አየሁ፤ የምትጫወት መሰለኝ፣ የባሰ ተናደድኩ። ከዚያ ሎንዞ ገባ። ባቡሩ ሄደ። እሷ ቆማለች።

ልጄ፣ አራት ደቂቃ ረጅም ነው።

ማታ ስገባ ባቄላ ቀቅላ ነበር። በላን። ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዚያ ወዲያ ያን ዘፈን ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። ከውጪ ስመጣ የሆነ ነገር ስታንጎራጉር እሰማና በሩን ስከፍት ትተዋለች። አሥራ ስድስት ዓመት እንደዚያ ኖርን፣ እስክትሞት ድረስ። እንጂ «አትሄጂም» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም! አንድም ቀን! ይህን ለሬዲዮሽ ንገሪልኝ።

በሚቀጥለው ጸደይ ዘፈኑ ከየመጠጥ ቤቱ መውጣት ጀመረ፣ በሎንዞ ስም። እሑድ ዕለት በጉባኤው መሐል ቆሜ «ሌባ!» አልኩት። እናቱ እዚያው ነበረች፤ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፣ ዳግመኛ አልተመለሰችም። ማዜል እጅጌዬን ጎትታ «ተወው ኤሳው» ነው ያለችኝ። እኔ ግን አልተውኩም። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ስሙ በተነሣ ቁጥር ሌባ አልኩ።

ስለዚህ ከሬዲዮው ማግስት ወደ ዲያቆን ኮልፋክስ ሄድኩ። ለዚያ ዘፈን መታሰቢያ ጣቢያው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የነሐስ ጽሑፍ ኮሚቴ የሚመራው እሱ ነው፤ አስተማሪ ስለነበረ እስከ ዛሬ ሰውን ሁሉ ሁለተኛ ክፍል ያደርጋል።

«የማዜል ስም ይግባበት» አልኩት።

«ወንድም ኤሳው፣ በነሐስ ላይ ስም ያለ ማስረጃ አይጻፍም። ወረቀት አምጣ፣ ፎቶግራፍ አምጣ፣ አለዚያ ድምፅ።»

«ሎንዞ ምን አምጥቶ ነው?»

«ዘፈኑን ነዋ!»

«እሱማ የኔ ሚስት ናት ያመጣችው!»

«ተቀመጥ ወንድም ኤሳው።»

«አልቀመጥም። ተማሪህ አይደለሁም።»

«ብትሆን ኖሮ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆምህ ነበር» አለኝ። «እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ጊዜ አለህ። ከዚያ ነሐሱ ይቀረጻል።»

እናትሽ ባርኔጣ የምታስቀምጥበትን ሳጥን ከሞተች ጀምሮ ነክቼው አላውቅም። ያን ቀን ከፈትኩት። ሸክላው ከታች ነበር፣ በዚያ ሐምራዊ ቀሚስ ተጠቅልሎ። ማጫወቻ ስለሌለኝ ሊኦታ ቤት ወሰድኩት። ሊኦታ ማጫወቻው መርፌ እስክታገኝለት ሦስት መሳቢያ ገለበጠች፣ ተሳደበች፣ አገኘች።

ይንጫጫል፣ እንደሚጠበስ ስብ። ከዚያ ማዜል መጣች። አሥራ ስምንት ዓመት ከመሬት ሥር ያለች ሴት ሊኦታ ሳሎን ውስጥ ዘፈነች፤ በጣቶቿ ጠረጴዛ እየመታች። ሎንዞ አጠገቧ አይደርስም፤ ይህን በንዴት አልልሽም። አግዳሚው ረጅም አለች። ምን ይልሃል አገር አለች። ቀጥ አለች። ዝምታው ውስጥ አንድ የወንድ ድምፅ ገባ፣ ከሩቅ፣ ከበሩ ጋ።

«ማዜል፣ ይብቃሽ። ሰው እያየን ነው።»

እሷ ትንሽ ሳቀች። ጠረጴዛውን መታችና ቀጠለች።

ሲያልቅ ሊኦታ መርፌውን አነሣች። «ማነው እሱ?» አለችኝ።

«የመደብሩ ሰውዬ ይሆናል።»

«የመደብሩ ሰውዬ ነጭ ነው፣ ኤሳው።»

«እንግዲያው መንገደኛ ነው።»

«መንገደኛውም እንዳንተ በአፍንጫው ነው እንዴ የሚያወራው?»

ሸክላውን ነጥቄያት ወጣሁ። አልጋዬ ሥር ከተትኩት። አሥር ቀን አላነጋገርኳትም፤ ድንች ብታመጣልኝም አላነጋገርኳትም፤ ድንቹን ግን በላሁት። ነገሩ ገብቶሻል አይደል? የእናትሽን ስም የሚያስጽፍልኝ ማስረጃ በእጄ ነው። ያንኑ ማስረጃ ባወጣው ግን ያ ሬዲዮ ላይ ያልሽው ነገር በራሴ አፍ ይመሰከርብኛል። እግዜር ሲቀልድ እንዲህ ነው የሚቀልደው። ልሰብረው አነሣሁት፣ አንድ ጊዜ። ቀሚሱ እጄ ላይ ተጠመጠመና ተውኩት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሊኦታ ከአጥሩ ማዶ «አንተ ደንቆሮ፣ ስልክ! ሎንዞ ነው!» አለች። ያ ኮልፋክስ ነግሮት ነው። ሄድኩ፤ ልሰድበው ነው የሄድኩት።

«ወንድም ኤሳው፣ እንዴት ነዎት?»

«ልብህ ቀጥ አለች አሉ። ምነው ያኔውኑ ቀጥ ብላ በቀረች!»

ሳቀ። «እሱን የሸክላ ኩባንያው ነው በል ያለኝ። ፍቅር ይሸጣል አሉኝ። ደጋግሜ ስናገረው እኔም እውነት መሰለኝ።»

«ሌባ ነህ።»

«አይደለሁም። ያኔም አልነበርኩም፣ እናቴ ግን ሌባ ወለደች ተብላ ሞተች።» ይህን ሲል ድምፁ ተለወጠ። «ሰጥታኝ ነው። ጣቢያው ላይ፣ በእነዚያ አራት ደቂቃዎች። የጊታሬን ሳጥን እያንኳኳች አስጠናችኝ። 'እኔ ባልሄድ ዘፈኑ ይሂድ' አለችኝ። 'መሐል ላይ ቁም፣ እንዳትቸኩል' አለችኝ። እስከ ስንት ልቁጠር ስላት 'አትቁጠር። ካፒቴኑ እስኪወስን ጠብቅ' አለችኝ።»

«ታዲያ ስሟን ለምን አልጠራህም? ሠላሳ አራት ዓመት ምላስህን ማን ያዘው?»

«እሷ ናት የያዘችው። በእናቴ ስም አስማለችኝ። 'ያንቺ ነው ብዬ ልናገር' አልኳት። 'አንተ እንዳትናገር። ኤሳው ራሱ ይናገር' አለችኝ። እኔም ይኸው እየጠበቅኩ ነው፣ ወንድም ኤሳው። አሁን ፀጉሬም ሸሽቷል፣ እስከ መቼ ልጠብቅዎ?»

ስልኩን ዘጋሁበት። ሊኦታ ወንበር ሳበችልኝ። አልተቀመጥኩም። ከዚያ ተቀመጥኩ።

ካፒቴኑ እስኪወስን! እኔ ደግሞ ስለ ሚስተር ራድ መስሎኝ ነበር የሳቅኩት፣ ያኔ በሳሙናው እጇ። በማን ላይ እንደምናደድ አሁን እንኳ ልነግርሽ አልችልም። በሎንዞ መናደድ ለምጄ ነበር፣ ይመቸኝ ነበር። ጫማ አርጅቶም እግር እንደሚያውቀው ማለት ነው። እሱንም ወሰዱብኝ።

በማግስቱ ሸክላውን በቀሚሱ እንደተጠቀለለ ለኮልፋክስ ወሰድኩለት። ከጃክሰን የመጣ የድምፅ ባለሙያ ነበር፣ ጥሩ ልብስ የለበሰ፣ ትሑት። አጫወተው። ኮልፋክስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አውልቆ ጠረገ። «ስሟ ይጻፋል» አለ፣ «ከሎንዞ ስም በላይ። በምረቃውም ቀን ይህ ሸክላ በድምፅ ማጉያ ይሰማል።»

ያ ባለሙያ ግን አየኝ። ድምፄን አውቆት ነው መሰለኝ፣ በጣም በትሕትና እንዲህ አለኝ፦ «አባባ፣ መሐል ላይ ያለውን የሰውዬውን ድምፅ ቆርጬ ላወጣው እችላለሁ። ማንም አያውቅም። ዘፈኑ ንጹሕ ይሆናል።»

የማመልጥበትን በር ከፍተው ሁለቱም ወደ መስኮቱ ዞሩልኝ። ኦዴሳ፣ አልዋሽሽም፣ ቆሜ አሰብኩ። በሐዲዱ ላይ እንደተኛ ሰው አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አሰብኩ። ብዙ አስጠበቅኳቸው።

«እሱን ድምፅ ብትነካ እጅህን እሰብረዋለሁ» አልኩት።

«አባባ፣ እኔ እኮ ለርስዎ ብዬ...»

«ለኔ አትበል። እሱ ይብቃሽ ሲላት ሳቀች፤ ሰምተሃል? ይብቃሽ ተብላም ቀጠለች። እሱን ካወጣኸው ምን አሳቃት ይባላል? እንዳለ ይሰማ። ሰውዬው ማነው ብሎ የሚጠይቅ ካለ እኔ እዚያው ከፊት እቆማለሁ።»

ስለዚህ ሜይ ሃያ ቀን ነው፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት በአራት ሰዓት ገደማ፣ ጣቢያው ፊት ለፊት። ነይ። ልጆቹንም አምጫቸው፣ ሳሉ ከለቀቀው። ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ቦታ አስይዣለሁ፤ ከዳር አልቀመጥም፣ አንቺም ከዳር እንዳትቀመጪ። የላክሽልኝ ሱፍ ትከሻው ላይ ይሰፋል፤ አጥብቤ እለብሰዋለሁ፣ መርፌውን ሊኦታ ክር ታስገባልኛለች። እግዚአብሔር ቤትሽን ያሙቅልሽ፣ የልጆችሽን ደረት ይጠብቅ፣ ያን የሚያንሸራትት በረዶ ከእግርሽ ሥር ያንሣልሽ። ስለኔ ለማንም ምንም እንዳትናገሪ፤ ለሬዲዮም፣ ለኮልፋክስም። ያለብኝን ዕዳ አውቀዋለሁ፣ ራሴ እከፍላለሁ፦

ለሊኦታ፣ ስለ ማጫወቻው መርፌና ስለ አሥሩ ቀን ኩርፊያ፣ አንድ ዶሮ፤ ደህናዋን፣ ቀዩዋን።

ለኮልፋክስ፣ አንድ ቀን እቤቱ ሄጄ እቀመጥለታለሁ።

ለሎንዞ፣ «ሌባ» ያልኩትን ቃል መልሼ እውጠዋለሁ፣ በጉባኤው መሐል እንደተናገርኩት በጉባኤው መሐል። ስለ አውቶቡሷ ቆንጆ ግን እሱ ነው የሚከፍለኝ።

ለእናቱ፣ መቃብሯ ወንዙ ማዶ ነው፤ ውኃው ሲጎድል እሄዳለሁ።

ለአንቺ፣ በሬዲዮ የተናገርሽውን። ውሸት ነው ብዬ ነበር ልጽፍልሽ የተነሣሁት፤ አራት ቀን ሞከርኩት፣ እጄ እምቢ አለ። ስትመጪ በቃሌ እነግርሻለሁ።

ለእናትሽ፣ ያ የይለፍ ወረቀት። ታጥቦ ታጥቦ ጨርቅ መስሏል፣ ግን አለ። ከታልቦት እስከ ሜምፊስ፣ ለአንድ ሰው፣ ይላል። የባል ፊርማ የሚለው መስመር ባዶ ነበር። ትናንት በኩሽናው በር አጠገብ ተቀምጬ ፈረምኩበት። ፊርማው ተጣሟል። ከምረቃው በፊት ለብቻዬ አደርስላታለሁ፣ በእግሬ።

አባትሽ
ኤሳው ብሪግስ